ፀሐይ ከጣሊያን የገባች ዕለት

እኔ በተፈጥሮዬ ደንጋጭ ሰው ነኝ። ስልኬ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ለረጅም ሰዓት ሳይጮህ ሲቀር ደግሞ «ምን ተፈጥሮ ነው?» ብዬ እደነግጣለሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ ስላስነጠሰች ብቻ የሰበርኩትን ብርጭቆ ቤት ይቁጠረው። ስለዚህ «ደነገጥኩ» ስላችሁ «እሱማ ልማዱ ነው» ብላችሁ ልታልፉኝ ትችላላችሁ። የዚያን ዕለቱን ግን እባካችሁ አትለፉብኝ። የዚያን ዕለት ብቻዬን አይደለም የደነገጥኩት፤ ሰፈር ምድሩን ይዤ ነው።

ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ትንሽ የባነር ማተሚያ ሱቅ አለችኝ። የሠርግ፣ የምርቃት፣ የሐዘን፣ «እዚህ ቦታ መሽናት ክልክል ነው»፣ ሁሉንም አትማለሁ። የሰፈሩ ደስታም መርዶም በእኔ ማሽን በኩል ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለ ሰው ወሬ ሳያጣራ የሚያትም አይመስላችሁም። እኔም አይመስለኝም ነበር።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አክስቴን ላስተዋውቃችሁ። እኔም አይቻት አላውቅም ነበር፤ ቢሆንም ልሞክር። አክስቴ ፀሐይ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በደርግ ጊዜ፣ እኔ ሳልወለድ፣ አዲስ አበባ ይኖሩ ከነበሩ ጣሊያኖች ጋር ልጆቻቸውን ልትጠብቅ ወደ አገራቸው ሄደች። መጀመሪያ መጀመሪያ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። በኋላ አያቴ፣ ማለትም እናታቸው፣ ስትሞት ፀሐይ ለቀብር አልመጣችም። አባዬ ሐዘንና ንዴት ተደራርቦበት «ለእናትሽ ቀብር ያልመጣሽ፣ እህቴ አይደለሽም» ብሎ ጻፈላት። የእሷ መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበረች፤ «ወረቀት የለኝም።»

«በወረቀት ጽፋ ወረቀት የለኝም ትለኛለች!» ብሎ አባዬ ይባስ ነደደ።

ወረቀት ማለት የመኖሪያ ፈቃድ እንደሆነ፣ ያ የሌለው ሰው አንዴ ከወጣ ተመልሶ መግባት እንደማይችል የሚያስረዳው ሰው ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ፤ ተመለሰበት። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ተመለሰበት። ለካ ቤት ቀይራ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ። ስሟ ቤታችን ውስጥ አይነሣም። አባዬ የሰማዩዋን ፀሐይ እንኳ በስሟ አይጠራትም፤ «ዛሬ ብርሃኑ በርትቷል» ነው የሚለው።

ጥር ወር ላይ ነው፤ ረፋድ። እትዬ ዘይነባ እያለከለኩ ሱቄ ገቡ። እትዬ ዘይነባ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የአክስቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው።

«ፀሐይ መጣች!» አሉኝ።

በበሩ በኩል ወደ ሰማይ አየሁ። «አዎ፣ ዛሬ ከጠዋቱ ነው የጀመረችው» አልኳቸው።

«አንተ ደነዝ! አክስትህ ፀሐይ! ከጣሊያን!»

የያዝኩት መቀስ እግሬ ላይ ወደቀ።

እትዬ ዘይነባ በላብ እየተጠመቁ አስረዱኝ። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። ዜና አንባቢው «ፀሐይ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከጣሊያን ወደ አገሯ ተመለሰች» ይላል። እሳቸው ጆሯቸውን ሲያቆሙ ታክሲው ፌርማታው ላይ ደረሰ። «ትንሽ ቆይ ልጄ፣ ይቺን ልስማ» ቢሉት ረዳቱ «እማማ፣ ወራጅ አለ ብለው ጮኸው የለ እንዴ? ይውረዱ!» ብሎ አወረዳቸው። የሰሙት ይኸው ነው።

ጤነኛ ሰው ቢሆን «በዚህ አገር ስንት ፀሐይ አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። «የሞግዚት መምጣት ለምን በዜና ይነገራል?» ብሎም ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን ጣሊያን የሄደች ፀሐይ አንዲት ብቻ ነው የማውቀው፤ በዜና መነገሩም «ትልቅ ሰው ሆና ነው» የሚል ኩራት ለቀቀብኝ። ያም ሆኖ ለማጣራት አልሞከርኩም እንዳትሉኝ፣ አብሮ አደጌ ግርማ ጋ ደወልኩ። ግርማ ቦሌ ጭነት ሲያወርዱ የሚቆጣጠር ሰው ነው።

«ግርማ፣ ፀሐይ መጣች የሚባለው እውነት ነው?»

«አንተ ደግሞ የት ነው የምትኖረው? አገር የሰማውን!»

አገር ሰምቶ፣ የገዛ ወንድሟ ልጅ የመጨረሻው ሰሚ!

«ደህና ናት ግን?»

«ለዕድሜዋ በጣም ደህና ናት። ዘጠና ዓመት ሊሞላት እኮ ምንም አልቀራትም።»

ክው አልኩ። አክስቴ ሰባም አልሞላት። ሰው ምን ቢያሠቃዩት ነው ሃያ ዓመት ጨምሮ የሚያረጀው?

«እስከ ዛሬ ለምን አልመጣችም ታዲያ?»

«እንዴት ትምጣ? ጣሊያኖቹ ይዘዋት! ስንት ተለምነው ነው የለቀቋት። አሁንም ቢሆን ፈትተው ነው ያመጧት።»

ፈትተው! አክስቴ ታስራ ኖሯል! ስልኩን ዘግቼ እትዬ ዘይነባን አየኋቸው፤ እሳቸውም እኔን አዩኝ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ቤታችን መሮጥ ጀመርን።

አባዬ ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ አትደንግጥ» አልኩት። ይህን ቃል ሰምቶ ያልደነገጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከወንበሩ ብድግ አለ። «ፀሐይ መጥታለች።»

«የቷ ፀሐይ?»

«ያንተዋ።»

የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። መታሰሯንም መፈታቷንም አንድ ላይ ነገርኩት፤ ማለዘብ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«ወረቀት ስለሌላት ነው ያሰሯት» አለ ቀስ ብሎ። «ነግራኝ ነበር እኮ። ወረቀት የለኝም ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ አላገጥኩባት።»

ከዚያ ጢሜን ሳልላጭ አታየኝም ብሎ ገባ። ግራ ጉንጩን ተላጨ። ቀኙን ሳይጀምር እንግዳ መምጣት ስለጀመረ የዚያን ቀን ሙሉ በግማሽ ጢም ነው የዋለው። ማንም ልብ ያለው አልነበረም።

እኔ ወደ ሱቄ ተመልሼ በሕይወቴ ካተምኩት ሁሉ የሚበልጥ ባነር አተምኩ። አፍሮዋን ያጎፈረችበትን፣ ያለንን አንድ ፎቶዋን አስገብቼ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ፣ ውድ እህታችን ፀሐይ!» የሚል ጻፍኩ። ከሥሩ እንደ ልማዴ የሱቁን ስልክ ቁጥር አደረግሁ፤ ዘመድ ቢሆንም ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው። ባነሩን አጥሩ ላይ ሰቀልኩ፤ ፎቶውን በሱቄ ፌስቡክ ለጠፍኩ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ግቢያችን ሞላ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ከበሮና ጊታር ይዘው መጡ። የእትዬ ዘይነባ ቤተሰብ እስከ ምራቶቻቸው መጣ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሽፋ፣ በደስታም በሐዘንም ፊታቸው የማይለዋወጥ ሰው፣ አግዳሚ ወንበር አሸክመው መጡ። ፓስተር ታምራት ደግሞ ለእንግዳዋ አጭር ቃል ሊያዘጋጁ ማስታወሻቸውን አወጡ። የእሳቸው አጭር ቃል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ኮልፌ ያውቃል።

«ከስሟ ልነሣ አስቤ ነበር» አሉት አባዬን። «ፀሐይ ብሎ ያወጣላት ማን ነው? ለምንስ ነው?»

አባዬ አቀረቀረ። «አባታችን ነው ያወጣላት። እናታችን ሌላ ስም ይዛ ነበር። ‹ለምን ፀሐይ አልካት?› ብትለው ‹ድሮ፣ በልጅነቴ፣ የማውቃት አንዲት ፀሐይ ነበረች› አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም።»

«እ... ወዳጁ?» አሉ ፓስተሩ፣ ብዕራቸውን ከወረቀቱ አንሥተው።

«እናቴ እንደዚያ ነው የመሰላት። እስክትሞት ያቺን ፀሐይ ስትፈልግ ኖረች። የሰፈሩን ፀሐዮች በሙሉ ጠርጥራለች። አንዲት ጠላ ሻጭ ፀሐይ ነበረች፤ ምንም ያላወቀች ምስኪን ሴት፣ የእናቴን ዓይን መቋቋም አቅቷት ሰፈር ለቃ ሄደች።»

ፓስተር ታምራት የጻፉትን ሰረዙና «እንግዲህ ከሌላ ቦታ እንነሣለን» አሉ።

ሰው ተሰብስቦ እንግዳዋ ስትዘገይብን ግርማ ጋ ደግሜ ደወልኩ። ምነው ጣቴ በቆረጠልኝ።

«ግርማ፣ ቤተሰቡ መጥቶ ፀሐይን ሊያያት ይችላል?»

«አሁን? አይቻልም። ገና ሳጥኗ አልተከፈተም።»

«ምኗ?»

«ሳጥኗ። በሳጥን እኮ ነው የመጣችው። ዋናው አካሏ ለብቻ ታሽጓል፤ የቀረው ደግሞ በሌላ ሳጥን...»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። ስልኩ ከእጄ ወድቋል፤ እኔም ልከተለው ትንሽ ነው የቀረኝ። አክስቴ ሞታለች። ሞታ ብቻ ቢሆን! ዋናው አካሏ ለብቻ!

ሁለተኛውን ሳጥን ለራሴ ይዤ፣ መሞቷን ብቻ ለፓስተር ታምራት በጆሯቸው ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን ለመዘምራኑ አነሡ፤ ጊታሩ ቆመ። ከበሮ መቺው ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ለብቻው ትንሽ ቀጠለ።

አባዬ የፓስተሩን ፊት አየ፣ የእኔን አየ። «ሞታለች አይደል?» አለ።

ፓስተሩ ትከሻውን ያዙት።

«ይቅርታዬን ሳትሰማ» ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የዚያን ዕለት ከደነገጥኳቸው ድንጋጤዎች ውስጥ ዛሬም ሳስታውሰው የማያስቀኝ ይኸኛው ብቻ ነው።

እትዬ ዘይነባ «ፀሐዬ! ፀሐዬ!» እያሉ ጮኹ። ጋሽ ሽፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ድንኳን አስተከሉ። መዘምራኑ ዜማ ቀየሩ። እኔ ባነሩን አውርጄ ወደ ሱቅ ሄድኩና፣ በዚያችው ፎቶ «በሰው አገር ስትንከራተት ኖራ በሞት የተለየችን እህታችን ፀሐይ» ብዬ ሌላ አተምኩ። ይህንንም ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። እንግዲህ የሱቄን ገጽ የከፈተ ሰው፣ ከላይ መሞቷን፣ ከሥሩ እንኳን ደህና መጣሽ ተብላ ነው የሚያገኛት። ስልክ ቁጥሬ በሁለቱም ላይ አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ አባዬ አጠገብ እንደተቀመጥኩ፣ ስልኬ ጮኸ። ረጅም፣ የውጭ አገር ቁጥር ነው።

«ሀሎ?»

«ማነህ አንተ?» ድምፁ የሴት ነው። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው፤ ዜማው ግን ሌላ አገር የሰነበተ።

«ማንን ፈለጉ እትዬ?»

«የገደለኝን ሰው። ጠዋት እንኳን መጣሽ ብለህ፣ ከሰዓት ቀበርከኝ። ቦሎኛ ያለ ሐበሻ ሁሉ ቤቴ እየመጣ ነው! ማነህ አንተ?»

«የ... የወንድምዎ ልጅ ነኝ።»

አሁን ድምፁ ተሰብሯል። «ወንድሜ አለ?»

«አለ። አጠገቤ ነው።»

«ስጠኝ።»

ስልኩን ለአባዬ ልሰጥ ስል ሳላስበው ድምፁ ጎልቶ እንዲሰማ የሚያደርገውን ነካሁት። ድንኳኑ በሙሉ ሰማ።

«ፀሐይ?» አለ አባዬ።

«አቤት ጋሼ።»

ጋሽ ሽፋ፣ ያ የማይለዋወጠው ፊታቸው ተለዋውጦ፣ ከአግዳሚው ላይ ወደ ኋላ ወደቁ። አንዲት ዘማሪ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ከድንኳኑ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እትዬ ዘይነባ ብቻ ወደ ስልኩ ተጠግተው «ፀሐዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሆነሽ ነው የምትደውዪው?» አሉ።

«የምን ሳጥን ዘይነባ? ወጥ ቤቴ ውስጥ ነኝ!»

«ሞተሻል ብለውኝ ነበር» አለ አባዬ።

«አይቻለሁ። ፎቶ ደግሞ ምን የመሰለ መረጣችሁልኝ! ያቺን አፍሮ የት አባታችሁ አገኛችኋት?»

አባዬ ይሳቅ ያልቅስ አላውቅም፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ቀና አለና፣ ሰው ሁሉ በልቡ የያዘውን ጥያቄ ጠየቀ። «ታዲያ በሳጥን የመጣችው ማን ናት?»

መቶ ሰው ዞሮ እኔን አየ። በእትዬ ዘይነባ ስልክ ግርማ ጋ ደወልኩና «ያቺ ፀሐይ ማን ናት? አክስቴ በሕይወት አለች!» ብዬ ጮኽኩበት።

«የምን አክስት?» አለ ግርማ። «አውሮፕላን ናት እኮ!»

አውሮፕላን። በንጉሡ ጊዜ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራች፣ በንጉሡ ልጅ ስም ፀሐይ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወስዷት፣ ሰማንያ ምናምን ዓመት ሙዚየም ውስጥ አስቀምጧት፣ ይኸው አሁን መለሳት። አገር የሰማው ይህን ነው። አማርኛችን እስረኛም ይፈታል፣ ዕቃም ይፈታል። ግርማ ክንፍና ጎማ ሲፈታ፣ እኔ አክስቴን ከወህኒ ስፈታ ነው የዋልኩት።

የግርማን ቃል ለሕዝቡ ደገምኩ። ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ አክስቴ ናት።

«እሷንማ አውቃታለሁ!» አለች። «ሞክሼዬ ናት። ሮም አካባቢ ያለው ሙዚየም ድረስ ሄጄ አይቻታለሁ። ጋሼ፣ የኔ ስም እኮ ከእሷ ነው የመጣው።»

«ምን?» አለ አባዬ።

«አባባ ልሄድ ስል ነው የነገረኝ። ጎረምሳ ሆኖ እሷ የተሠራችበት ቦታ የአናጢ ረዳት ነበር። የክንፏን እንጨት ያለሰልስ ነበር። ስትነሣ ያየ ቀን አልቅሷል። ከዚያ ጣሊያኖች ወሰዱበት። ‹ልጅ ስወልድ ፀሐይ እላለሁ ብዬ ተሳልኩ› አለኝ። ‹እዚያ ስትደርሺ ካለች እይልኝ› አለኝ።»

አባዬ ግማሽ ጢሙን በእጁ ይዞ ቀረ። «እና እናቴ ዕድሜ ልኳን የቀናችው... በአውሮፕላን ነው?»

«በአውሮፕላን።»

«ለምን አልነገራትም?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹እናትሽ ስትቀና ታምራለች› አለኝ።»

በሐዘን ድንኳን ውስጥ እንደዚያ ያለ ሳቅ ተስቆ አያውቅም። አንዲት አሮጊት «ወይኔ ያቺ ጠላ ሻጭ!» እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፓስተር ታምራት የሰረዙትን ገጽ ሲፈልጉ አየኋቸው።

ሳቁ ሲበርድ አባዬ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «ፀሐይ፣ ያ ወረቀት...»

«አግኝቻለሁ ጋሼ። ካገኘሁ ቆየሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

«እህቴ አይደለሽም ብለኸኝ የማን ቤት ልምጣ?»

አባዬ ስንት ገጽ ይቅርታ ጽፎ እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ የተመለሱት ደብዳቤዎች ከአልጋው ሥር ባለው ሳጥኑ ውስጥ ናቸው። ያን ጊዜ ግን አንዱም አልታወሰውም። «ቤትሽ ነው። ነይ» ብቻ አለ።

መጣች። በሦስተኛው ሳምንት፣ በእግሯ እየሄደች፣ ከእኔም ከአባዬም ፈጥና። አለቀሱ፣ ተላቀሱ፣ ተሳሳቁ። በማግስቱ አክስቴ መነጽሯን አደረገችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«እስቲ ንገረኝ» አለችኝ። «የሞትኩ ዕለት ማን ማን መጣ?»

የማስታውሰውን ዘረዘርኩ። በያንዳንዱ ስም ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

«አልማዝስ? የአክስታችን ልጅ፣ ሳንሱሲ ያለችው?»

«እሳቸው አልመጡም።»

«ሰምታ ነው ሳትሰማ?»

«ሰምተዋል። ትንሽ አሟቸው ነበር መሰለኝ።»

«በኔ ሞት ቀን?» አለችና መነጽሯን አወለቀች።

እሑድ ዕለት እትዬ አልማዝ ትልቅ ዳቦ አስይዘው፣ «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ!» እያሉ እጃቸውን ዘርግተው ገቡ። አክስቴ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«በቁሜማ ማንም ይመጣል» አለቻቸው።

ፓስተር ታምራትና ጋሽ ሽፋ ለሽምግልና ተጠሩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተለመነች፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሌላ መላ ሲጠፋ እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አክስቴ ፊት ተቀምጠው፣ «እህቴን! ፀሐዬን! ሳልቀብርሽ!» እያሉ ከልባቸው አለቀሱላት። አክስቴ ዳቦዋን እየቆረሰች እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ እንባቸውን ጠረገችላቸውና እንዲህ አለች፤

«በቃ አልማዝ፣ ይበቃሻል፣ ተጽናኚ። እኔም ብሆን ወድጄ አይደለም የሞትኩት።»